የቀኙ መስኮት

ጋራዡ ውስጥ ሁሉም ሰው «ፊውዝ» ነው የሚላት። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ስሙ የወጣላት ቶሎ ስለምትቃጠል ይመስለዋል። እሱም ቢሆን ከእውነት የራቀ አይደለም። ነገሩ ግን የቆየ ነው፤ ገና አፏን በቅጡ ሳትፈታ ከአባቷ የመሣሪያ ሳጥን ውስጥ ፊውዝ እየለቀመች በየቀለሙ ስትደረድር ነው ያደገችው። ዛሬ የታወቀች የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናት፤ ጋራዡንም የምታስተዳድረው እሷ ናት። ሰፈሩ «ጋሽ ዲናሞ» የሚላቸው አባቷ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ፒንሳ አይጨብጡም። ከተበታተነ መኪና ላይ የተነቀለ የሹፌር ወንበር በሩ ሥር አስደግፈው እሱ ላይ ይውላሉ። የሚገባውን ይመርቃሉ፣ የሚወጣውን ይተርባሉ።

ልቧን የሰጠችው ለአንድ ፋርማሲስት ነው። ያገኘችውም የአባቷን የእጅ መንቀጥቀጥ መድኃኒት ልትገዛ ሄዳ ነው። አወሳሰዱን ሲያስረዳት ድምፁ እንዲህ ሲጣፍጥ ጊዜ፣ እዚያው ባንኮኒው ፊት ቆማ በሆዷ «ሽሮፕ» አለችው፤ ስሙም ጸናበት። እሱ የጠቆረ ጥፍሯን አየና ፈገግ አለ፤ እሷ መድኃኒቱን ሲያቀብላት የቀኝ እጁ ትንሿ ጣት ጎብጣ አየቻትና ወደደቻት። ከዚያ በኋላ መድኃኒት ቶሎ ቶሎ ማለቅ ጀመረ። ጋሽ ዲናሞ እንኳ «ይሄ ክኒን ከኔ ሌላ የሚውጠው ሰው አለ እንዴ?» እያሉ ሲያሾፉባት ከረሙ።

የዚያችን ጎባጣ ጣት ታሪክ የሰማች ቀን ግን ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ሽሮፕ የአራት ዓመት ልጅ ሳለ በእናቱ መኪና የፊት ወንበር ላይ ሆኖ እጁን በመስኮቱ አፍ አሳርፎ ነበር። መስታወቱ በድንገት ወደ ላይ ወጥቶ ጣቱን ቀረቀረው። ቤተሰቡ እንደሚያወራው፣ መስታወቱ በራሱ ጊዜ የወጣው ከዚያ በፊት አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በሹፌሩ በር ላይ ያለውን ስዊች ሲቀይር ሽቦ አሳስቶ ስላገናኘ ነው። ያ ሠራተኛ ጋሽ ዲናሞ ናቸው።

እናትየው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሰፈሩ ግን ዛሬም «እትዬ ዳይሬክተር» ሲላቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። እሳቸው «ልጄን ያጎደለ እጅ» ብለው የጋሽ ዲናሞን ስም በየቤቱ ካነሱ በኋላ ባለመኪናው ሁሉ ከጋራዡ እየራቀ ሄደ። ጋሽ ዲናሞ አንድም ቀን ነገሩን አስተባብለው አያውቁም። እትዬ ዳይሬክተር ልጃቸው የዚያን ሰው ልጅ እንደያዘ በሰሙ ጊዜም አልጮኹም። መነጽራቸውን አስተካክለው፣ እሷ በዚህ በር ከገባች እኔ በዚያኛው እወጣለሁ ብቻ ነው ያሉት። እሳቸው ደግሞ ያሉትን የሚያደርጉ ሴት ናቸው። ሽሮፕ እናቱንም ፊውዝንም ሳይተው፣ በሁለቱም ፊት አንገቱን ደፍቶ መኖር ያዘ።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት ያ መኪና ራሱ ጋራዡ በር ላይ ቆመ።

ሽሮፕ ነው ያመጣው፤ ከእናቱ ደብቆ። እትዬ ዳይሬክተር ሰሞኑን ትንፋሽ እያጠራቸው ነው። ሐኪሙ አየር ያግኙ ብሏል፤ እሳቸው ሁልጊዜ የሚቀመጡበት የፊተኛው የቀኝ መስኮት ደግሞ ከዚያ ክፉ ቀን ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም። ራሳቸውም ከዚያ ቀን ጀምሮ መሪ ጨብጠው አያውቁም፤ ባላቸው እስኪሞቱ ድረስ ነዷቸው፣ አሁን ልጃቸው ይነዳቸዋል። ሁለት ጋራዥ ወስዶት ሁለቱም የመስኮቱ ሞተር ተቃጥሏል፣ መለዋወጫው የለም ብለው መልሰውታል። ፊውዝ ቁልፉን ከእጁ ስትቀበል ጣቶቻቸው ተነካክተው ትንሽ ቆዩ። እማዬ እንዳትሰማ አላት። ከኔ አፍ አይወጣም፣ ይልቅ የራስህን ጠብቅ አለችው፤ እየሳቀ ወደ ሥራው ሄደ።

ፊውዝ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠችና በሩ ላይ የተደረደሩትን ስዊቾች አንድ በአንድ ተጫነች። ሦስቱ መስኮቶች እያጉረመረሙ ወረዱ፣ እያጉረመረሙ ወጡ። የፊተኛው ቀኝ ግን ጭጭ። ይህ ዝምታ አላማራትም። የተቃጠለ ሞተር እንኳ ጥቂት ያቃስታል፤ ይሄ ጭራሽ የሰማ አይመስልም። ፊውዙን አየች፤ ደህና ነው። የቀኙን በር ሽፋን ፈታ ሁለት ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ ሞተሩ ላይ ስትነካ፣ መስታወቱ የስንት ዓመት አቧራውን እያራገፈ ሲንሸራተት ወረደ። ሁለት ጋራዥ የቀበረው ሞተር ደህና አድርጎ ይሠራል። እንዲህ ያለውን ነገር ስታገኝ ብቻዋን የምትስቀው ሳቅ አላት፤ ሳቀች።

እንግዲህ ችግሩ ከስዊቹ እስከ ሞተሩ ባለው መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። እጇን በበሩ ሆድ ውስጥ ሰዳ ሽቦዎቹን እየዳበሰች ስትከተል፣ ወደ ሞተሩ የሚሄዱት ሁለቱ ሽቦዎች መንገድ ላይ ተቆርጠው አገኘቻቸው። አልተበጠሱም፤ በፒንሳ ተቆርጠዋል። እያንዳንዱ ጫፍ ለየብቻው በናስትሮ ተጠቅልሏል፤ ናስትሮው እንዳይላቀቅ ደግሞ በላዩ ሰም የነካ ክር ታስሮበታል። ናስትሮ ሙቀት ሲነካው ሙጫው ይለቃል ብለው በክር የሚያስሩ አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ልጅ ሆና ያን ክር ሰም እየቀባች ያቀበለቻቸው እሷ ናት።

አባቷ መቁረጣቸው አልገረማት፤ ከአደጋው በኋላ የመኪናው ባለቤቶች መስኮቱ ከነጭራሹ እንዳይሠራ ብለዋቸው ይሆናል። የያዛት ሌላ ነገር ነው። አባቷ የት ጋ እንደተሳሳቱ በዓይኗ ማየት አማራት። ዕድሜዋን ሙሉ በሰፈሩ ሹክሹክታ ስትሰማው የኖረችውን ስህተት አግኝታ፣ ይኸው እዚህ ጋ ነው ብላ ልትገላገለው ፈለገች። የሹፌሩን በር ስዊች ልትፈታ ካቻቢቴዋን ስታስጠጋ ግን እጇ ቆመ። ብሎኖቹ አናት ላይ ፋብሪካው የሚያደርጋት ቢጫ የቀለም ነጠብጣብ አለች። ብሎኑ አንዴ ከዞረ ቀለሟ ትሰነጠቃለች። አልተሰነጠቀችም። ይህን ስዊች መኪናው ከተሠራ ጀምሮ ማንም ፈትቶት አያውቅም።

አላመነችም። ከተቆረጡት ሽቦዎች ላይ መሞከሪያ አምፖሏን አሰረችና ሽቦውን ከዳር እስከ ዳር ፈተነችው። በሩና መኪናው በሚገናኙበት ላስቲክ ውስጥ አጠፈችው፣ ዘረጋችው። በሩን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ገፍታ አንገጫገጨችው። የተላጠ የለም፣ የቀለጠ የለም፣ የተቀጠለ የለም። አምፖሏ የምትበራው ስዊቹን በጣቷ ስትጫን ብቻ ነው። ጣቷን ስታነሳ ትጠፋለች።

ያን ቀን መኪናው ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው የአራት ዓመት ሕፃን፣ እጁን መስኮቱ ላይ አድርጎ። ሌላኛዋ በዚህ በር በኩል፣ ከነዚህ ስዊቾች አጠገብ የተቀመጠች ሰው። ፊውዝ ነገሩ ሲገባት አምፖሏን ከእጇ ለቀቀቻት። በአባቷ ደስ ሊላት ሲገባ የማታውቃት፣ የማትወዳት ሴት አሳዘነቻት፤ ራሷም በራሷ ተገረመች።

ጋሽ ዲናሞ ሰም የነካውን ክር በመዳፏ ላይ ሲያዩ ብዙ አላስለፏትም። እሷም አልጮኸችም፤ አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ ስዊቹን ቀይረኸው ነበር ወይ ብላ ብቻ ጠየቀቻቸው።

«አልቀየርኩም» አሉ። ወደ መንገዱ እያዩ ቀጠሉ። «ያኔ አንቺ እናትሽ ሆድ ውስጥ ነበርሽ። የዳይሬክተሯ ባል መጥቶ እዚህ ጋ ቆሞ አለቀሰ። እህል አልቀምስም አለች፣ ልጁን ማቀፍ ፈራች አለኝ። ልጁ እያለቀሰ እጁን ሲዘረጋላት ባልጎዳው ብላ ወደ ኋላ ትሸሻለች አለኝ። የሽቦ ጥፋት ነው በልልኝ፣ ቁረጥልኝና ተበላሽቷል በል አለ። አልኩለት።»

የደንበኛውን ነገር፣ የስማቸውን ነገር አነሳችባቸው። ድምፅዋ ሳታስበው ከረረ።

«እኔ ደንበኛ ሞልቶኝ ነበር። እሷ ያላት አንድ ልጅ ነው።» የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን በሌላኛው ያዙት። «ነገሩ እኔ ላይ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር፣ ልጄ። ዞሮ ያንቺን ቤት ያንኳኳል ብዬ አላሰብኩም። እንግዲህ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ፤ አንቺ ለማንም ቃል አልገባሽም። እንደ ልብሽ አድርጊ።»

ቢከለክሏት ይሻላት ነበር። ቢቆጧት፣ ትንፍሽ ብትይ ቢሏት፣ በሳቸው ታመካኝ ነበር። አሁን ነገሩ ከነሙሉ ክብደቱ እጇ ላይ ነው። አንዲት ቃል ብትናገር የአባቷ ስም ይጠራል፣ የምትወደው ሰው ቤት በር ይከፈታል። ያችው ቃል ግን አንዲት አሮጊት እናት ከልጅዋ ፊት የምትቆምበትን እግር ትነሳታለች። ፊውዝ ወደ መኪናው ተመልሳ ሁለቱን ሽቦዎች ስታገናኝ፣ እንባዋ ናስትሮው ላይ እየወረደ አልጣበቅ አላት።

ሽሮፕ ሥራውን ጨርሶ ሲመጣ ነጭ ጋዋኑን እንኳ አላወለቀም። መስኮቱ ሲሠራ አይቶ በደስታ ሊያቅፋት ሲል ፊቷን አየ። ከዚያ የሹፌሩን በር አየ፤ ፊውዝ ብሎኖቹን ስትመረምር ያበራችው የእጅ ባትሪ አሁንም እዚያው ተቀምጧል። አየና የመሰለውን መሰለው።

ያን የድሮውን ስህተት አገኘሽው ወይ ብሎ ጠየቃት። ጨርቅ አንስታ እጇን መጥረግ ያዘች። ይህም ለሱ በቂ መልስ ሆነው፤ ወደ እሷ ቀረበና በዚያ በሽሮፕ ድምፁ፣ ቀስ አድርጎ፣ «ስሚኝ የኔ ቆንጆ» አላት። «አባትሽ ቢሳሳቱም እኔ ይቅር ካልኳቸው ቆየሁ። ጣቷ የኔ ናት፤ ይቅር የማለት መብቱም የኔ ነው። ስለዚህ አንገትሽን አትድፊ።»

እንዲህ ያለ መልካም ሰው፣ እንዲህ ያለ መልካም ቃል፣ ከማይገባው ቦታ ላይ ሲወድቅ ማየት እንዴት ያለ ነገር ነው። ምንም ያላጠፉት አባቷ እዚያ ማዶ ወንበራቸው ላይ ሆነው ይቅርታውን ሲሰሙ፣ ራሳቸውን እንኳ አላወዛወዙም። የፊውዝ ደም ፈላ። ማንን እንደምትቆጣ አላወቀችም፤ ፊቷ ያለው ግን እሱ ነው።

«ይቅርታህን ወደ ኪስህ መልሰው» አለችው።

ምን አጠፋሁ ሊል አፉን ከፈተ፤ እሷ ግን ጀርባዋን ሰጥታው የበሩን ሽፋን ብሎን ማጥበቅ ጀመረች። አንዱን ብሎን ሦስቴ አጠበቀችው። እርምጃው ሲርቅ ሰማች፤ በር ላይ ሲደርስ እንደቆመ፣ እንደሚያያት አወቀች። ብትዞር ሁሉንም ትነግረዋለች፤ ስለዚህ አልዞረችም። ማታ በስልክ «ምን ብዬ ነው ያስከፋሁሽ?» ብሎ ጻፈላት። መልስ ጽፋ አጠፋችው፣ ሌላ ጽፋ አጠፋችው፤ ስልኩን ትራሷ ሥር ከታ ከነልብሷ ተጋደመች። እሱን የምትደብቀው ነገር ሲኖራት ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ደግሞም ለሱ ስትል ነው፤ ይሄ ነው አንጀቷን የሚበላው።

በማግሥቱ ጠዋት ታክሲ ጋራዡ በር ላይ ቆመ። መጀመሪያ የወረዱት እትዬ ዳይሬክተር ናቸው፤ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው። ሽሮፕ አርፍዶ እንደተያዘ ተማሪ ከኋላቸው ተከተለ። ዓይኑ ያበጠው ከእንቅልፍ ማጣት ነው። ያ አፉ አላስቻለውም፤ ራቱን ሳይበላ ሲቀር ምን ሆንክ አሉት፣ ነገራቸው፤ መኪናው የት እንዳለም ጨምሮ።

ጋሽ ዲናሞ ከወንበራቸው ተነሱ። እትዬ ዳይሬክተር ሰላም ሳይሏቸው፣ ሳያዩዋቸው አለፉና ፊውዝ ፊት ቆሙ።

«ከፈትሽው አሉ» አሏት። «ጥፋቱ ምን ሆኖ ተገኘ?»

አባቷ መሬት መሬቱን ያያሉ። ሽሮፕ እሷን ያያታል፤ ዓይኑ አሁንም ይጠይቃል፣ አሁንም ይለምናል። ያቺ ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነች። ስዊቹ ተነክቶ አያውቅም ብትል አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ምንም መናገር አያስፈልገውም። በዚያ መሃል ዓይኗ እትዬ ዳይሬክተር እጅ ላይ ወደቀ። ቦርሳቸውን የጨበጡበት የግራ እጃቸው ሌባ ጣት፣ በቀኝ እጃቸው መዳፍ ውስጥ ተጠቅልሎ ተደብቋል። ብርድ እንደመታው ሰው ጣታቸውን አቅፈው ይዘዋል።

ፊውዝ ካቻቢቴዋን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

«የአባቴ ጥፋት ነው፣ እትዬ» አለች። «ሽቦ አሳስቶ አገናኝቶ ነበር። አሁን አስተካክዬዋለሁ። ይቅርታ ያድርጉልን።»

ጋሽ ዲናሞ በረጅሙ ተነፈሱ። ሽሮፕ ዓይኑን ጨፈነ። ፊውዝ ያቺን ቃል ስትውጥ ከሷ ጋር ሠርጓንም፣ ቤቷንም፣ ገና ያልወለደቻቸውን ልጆቿንም የዋጠች መሰላት።

እትዬ ዳይሬክተር ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ከዚያ ወደ መኪናው ሄዱ፤ ሁልጊዜ ወደሚቀመጡበት ሳይሆን ወደ ሹፌሩ በር። ከፍተው ገቡና በእጃቸው ጠሯት። በቀኝ በኩል ገብታ ተቀመጠች። በሩን ዝጊ አሏት፤ ዘጋች። ውጭ ሁለቱ ወንዶች በመስታወቱ ማዶ የማይሰሙትን ነገር ለመስማት እንደቆሙ ቀሩ።

«ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ሳስተምር ኖርኩ» አሉ እትዬ ዳይሬክተር፣ ፊት ለፊታቸውን እያዩ። «የሚዋሽ ልጅ ገና በር ላይ ነው የማውቀው። አንቺ ደግሞ ጭራሽ አትችይበትም።»

ፊውዝ ሽቦው እኮ ብላ ልትጀምር ስትል፣ ሽቦውን ተይው አሏት። ከዚያ የተናገሩት ቀስ ብሎ፣ እየተቆራረጠ ነው የወጣው። ያን ቀን መንገዱ አቧራ ነበር። የጭነት መኪና አጠገባቸው ሲያልፍ የራሳቸውን መስኮት ሊዘጉ ፈለጉ፤ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው፣ ጣታቸው ከጎኑ ያለውን የልጁን መስኮት ስዊች አገኘ። የራሳቸው መስታወት አልወጣ ሲላቸው ዘገየ ብለው አሰቡ።

«ዘገየብኝ ብዬ ጫን አልኩት» አሉ። «ገባሽ? ልጄ እያለቀሰ እኔ ጫን አልኩት።»

ባላቸው ከቀናት በኋላ አንድ ማታ የሽቦ ጥፋት ነው የሚል ወሬ ይዘው ሲመጡ፣ ውሸት እንደሆነ ከፊታቸው ላይ አይተዋል። ግን ያቺን ውሸት ካልያዙ ልጃቸውን ማቀፍ አልቻሉም። ልጁ እስኪድን ብለው ያዟት። እስኪያድግ ብለው ያዟት። ለባላቸው፣ ውሸት መሆኑን አውቃለሁ ብዬ ነገ እነግረዋለሁ ሲሉ ሲሉ ባላቸውን ቀበሩ። ለሰው ባወሯት ቁጥር እየጠነከረች፣ የሰውየው ስምም ይበልጥ እየጠፋ ሲሄድ ወደ ኋላ መመለሻ አጡ።

«አባትሽን መንገድ ላይ ሳየው የምሻገረው ጠልቼው አይደለም። እሱ ስለሚያውቅ ነው። አንቺንም ቤቴ እንዳትገቢ ያልኩት አባትሽን ስለምትመስዪ ነው። ልጄ ይህን በር ከፈተች ሲለኝ፣ አለቀልኝ ብዬ ነው ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ያነጋሁት።» ወደ ፊውዝ ዞሩ። «አንዲት ቃል ትበቃሽ ነበር እኮ። ለምን አላልሽም?»

ፊውዝ ወዲያው አልመለሰችም። በመስታወቱ ማዶ ሽሮፕ ከንፈሩን እየነከሰ ቆሟል።

«ልጅዎን እወደዋለሁ፣ እትዬ» አለች። «ግን እናቱን ቀምቼው አልወስደውም።»

እትዬ ዳይሬክተር መነጽራቸውን አወለቁ። እያለቀሱ መሆኑን የሚያሳውቀው ትከሻቸው ብቻ ነው። ከዚያ ትንፋሻቸው እያጠረ፣ ደረታቸው ከፍ ዝቅ ማለት ሲጀምር ፊውዝ ደነገጠች፤ መኪናው ተዘጋግቶ ታፍኗል። ቁልፉን አዙራ፣ መስኮቱን ይክፈቱ፣ አየር ያግኙ አለቻቸው። የግራ እጃቸው ወደ ስዊቾቹ ሄዶ አየር ላይ ቆመ።

«የትኛው ነው?» አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተማሪ ሲጠይቁ የኖሩት ሴት፣ ድምፃቸው የሕፃን ሆነ።

የፊተኛው፣ በቀኝ በኩል ያለው ነው አለቻቸው። ብሳሳትስ አሏት።

«ቢሳሳቱ እንመልሰዋለን። ማንም እጁን አላስገባም።»

ተጫኑት። የቀኙ መስታወት እያጉረመረመ ወረደ፤ የጋራዡ ጫጫታና የጠዋቱ አየር ባንድ ላይ ገቡ። ሽሮፕ ያስቻለው እስከዚያ ድረስ ነው፤ ሮጦ መጣና እማዬ አሞሻል እንዴ እያለ ጎንበስ ሲል ቀኝ እጁን መስኮቱ አፍ ላይ አሳረፈ። ጎባጣዋ ጣት ያኔ የነበረችበት ቦታ ላይ ሆነች። እትዬ ዳይሬክተር ጣታቸውን ከስዊቹ ላይ እሳት እንደነካው ሰው አነሱት። ከዚያ በፊውዝ ላይ አልፈው ክንዳቸውን ዘረጉና ያችን ጣት ያዟት።

«እኔ ነኝ» አሉት። «ሽቦ አይደለም። ሰውየውም አይደለም። እኔ ነኝ የተጫንኩት።»

ሽሮፕ እናቱን አየ። ከዚያ ፊውዝን አየ፤ ትናንት ወደ ኪስህ መልሰው ያለችው ይቅርታ ምን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባው። ወዲያው ዞሮ በር ሥር የቆሙትን ሽማግሌ አየ። ፊቱ ላይ ብዙ ነገር አለፈ። ሲናገር ግን ያ የሽሮፕ ድምፁ አልተለወጠም።

«አታመኝም እኮ፣ እማዬ» አለ። «ድሮም አታመኝም። አሁን ግን በጣም ጠበቅ አድርገሻታል።»

እትዬ ዳይሬክተር በእንባቸው መካከል ሳቅ አመለጣቸው፤ ጣቷን ግን አልለቀቋትም። ጋሽ ዲናሞ ቀስ እያሉ መጥተው ከልጁ ኋላ ቆሙ። ሴትየዋ ቀና ብለው ሲያዩዋቸው፣ ወንድሜ፣ እንግዲህ ምን ብዬ ልጀምር አሉ። ሽማግሌው መስኮቱ ሠራ ወይ ብለው ጠየቁ። ሠራ አሏቸው።

«ሌላውንም ቀስ ብለን እንሠራዋለን» አሉ ጋሽ ዲናሞ። «ጋራዥ ነው የመጣሽው።»

ፊውዝ በእናትየው ክንድና በልጁ እጅ መካከል ተይዛ መንቀሳቀስ አልቻለችም። አልፈለገችምም። ሽሮፕ ዓይኑን ከሷ ላይ አልነቀለም፤ ይቅርታ እየለመነ ነው፣ እያመሰገናትም ነው፣ የትኛው እንደሚበልጥ አልለየላትም። ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ። እትዬ ዳይሬክተር ሲረጋጉ ክንዳቸውን ሰበሰቡ፤ ያን ጊዜ ቦታቸውን ልትለቅላቸው በሩን ከፈተች።

«የት ትሄጃለሽ?» አሏት፣ ያ የዳይሬክተር ድምፃቸው ተመልሶ።

ይሄ የርስዎ ቦታ ነው እኮ አለቻቸው።

«ነበር። ዝጊና ተቀመጪ። ከእንግዲህ እኔ ከኋላ ነኝ።» መነጽራቸውን በመሐረባቸው ጠርገው አደረጉ፤ ወደ ኋለኛው ወንበር ገልመጥ አሉና እንደገና ወደ እሷ ተመለሱ። «የኋላው መስኮትስ ይሠራል?»

«ይሠራል፣ እማዬ» አለች ፊውዝ። እትዬ ልትል ነበር ያሰበችው።